የጠመንጃው ቁጥር

የአጎቴ ልጅ ጠመንጃ ገዛ። የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ኢላማ ተኩስ መሄድ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። እስካሁን ግን የሚተኩሰው በተውሶ ነበር።

ሲደውል ሰበታ፣ ቤታችን በር ላይ ተቀምጬ መብራት እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር። ያላለቀ ኮድ አለብኝ፣ ላፕቶፑ ሞቷል፣ ስልኬ 14 ፐርሰንት ነው።

"ቪዲዮ ክፈት" አለኝ።

"ባትሪ የለኝም።"

"ክፈት ስልህ! ኢትዮጵያዊ ነው እኮ!"

"ማን?"

"ጠመንጃው።"

ከፈትኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ የጦር መሣሪያዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ አለ፣ የቤልጅግ ማውዘር አለ፣ የአጎቴ ልጅ የገዛው ኤም ዋን ካርባይንም አለ። ጥቂቱ የአያቶቻችን ማርኮ፣ ጥቂቱ ግዢ፣ ጥቂቱ እርዳታ። ካርባይኑ የመጣው በአሜሪካ ወዳጅነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነበር፣ በ1953 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈራርመዋል። እቃው ሄዶ ሄዶ ወደ መጣበት ተመለሰ ማለት ነው፣ አሁን ግን በርሜሉ ላይ የአስመጪው ማኅተም ተመቶበታል።

ካርባይን ትንሽ ጠመንጃ ነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ምላጩን አንዴ ስትስበው አንድ ጥይት ይወጣል፣ ቀጣዩን ራሱ ያቀባብላል። የተለመደው ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፣ እና ይሄን ሁሉ አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ብቻውን ስላልቻለው ሥራው ለመኪና ዕቃ ሠሪ፣ ለታይፕራይተር ሠሪ፣ በሳንቲም ለሚሠራ የሙዚቃ ሳጥን ሠሪ ሁሉ ተከፋፈለ። የአጎቴ ልጅ ካሜራውን ወደ ብረቱ አስጠጋና "አንብብ" አለኝ። አይ.ቢ.ኤም. ይላል።

ሳቅኩ። እኔ በኮምፒውተር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። አይ.ቢ.ኤም. ጠመንጃ መሥራቱን በዚህ ዕድሜዬ ነው የሰማሁት። ደግሞ ሲፈታው በርሜሉ የሌላ ፋብሪካ፣ የምላጩ ቤት የሌላ ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ። የሁሉም ፋብሪካ ዕቃ አንዱ ባንዱ ቦታ እንዲገባ ተደርጎ ስለተሠራ በየጥገናው ተደበላልቋል። የሥራ ባልደረቦቼ የሚጽፉት ኮድ እንደዚህ ቢገጥም ኖሮ ማታ ማታ እተኛ ነበር።

አባቴ ግን አልሳቀም። "በሰው አገር ጠመንጃ ምን ያደርግለታል?" አለ። "ለስፖርት ነው" አልኩት። "ስፖርት ከፈለገ አይሮጥም?" እናቴ ምንም አላለችም። እሷ ሌሊት ተኩስ በሰማች ቁጥር፣ ሩቅም ቢሆን፣ መብራት አጥፍታ ኮሪደሩ ላይ የምታስቀምጠን ሴት ናት። በነዚህ ዓመታት ሰበታ ላይ የተኩስ ድምፅ ስፖርት ሆኖ አያውቅም። የአጎቴ ልጅ ፎርም 4473 ሞልቶ፣ ማንነቱ ተጣርቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ወጣ። እዚህ በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ካለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ለመዝናኛ የሚገዛ ሰው ደግሞ እኔ አላጋጠመኝም። መሣሪያ ያለው ሰው የያዘው ወይ ስለሚፈራ ነው፣ ወይ እንዲፈራ ስለሚፈልግ ነው፣ ወይ አባቱ ስላወረሰው። ስለዚህ አባቴን ተሳስተሃል ማለት አልቻልኩም። አላልኩምም።

የቀረው አባባ ነው። አያታችን ክብር ዘበኛ ሆኖ ጀምሮ የፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁን ማን እንደሆንኩ አንዳንዴ ይጠፋዋል። ቁርስ በልቶ ቁርስ አልበላሁም ይላል። ማታ ቡና ላይ "አባባ፣ ካርባይን ያውቃሉ?" አልኩት። ፊቱን ወደኔ አዞረ። "ይዤው ኖሬ?" አለኝ፣ እንደተሰደበ ሰው። ወታደር የጠመንጃውን ቁጥር ካልያዘ ይቀጣ እንደነበር ነገረኝ። "የርስዎ ስንት ነበር?" አልኩት። ሳያቅማማ ነገረኝ። የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ስልኬ ላይ ጻፍኩ፦ 4417።

በዚህ መሀል ቨርጂኒያ ያለው ሥራ ቀጥሏል። የአጎቴ ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ አጸዳ። እንጨቱ ላይ የደረቀው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ሆኖ ነበር። በርሜሉን በዘንግና በጨርቅ ወለወለው፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የደከመውን ሞላ በአዲስ ቀየረ፣ አዲስ ካዝና ገዛ። እንጨቱን የተልባ ዘይት ቀባው። (ተልባ! እናቴ ይሄን ስትሰማ ብቻ ነው ፈገግ ያለችው።) ከዚያ ጥይት ከመጉረሱ በፊት ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ጎጆ አስለካ። ይሄን በማድረጉ አመሰገንኩት፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ብረት ፊትህ አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል።

ቅዳሜ ሜዳ ወጣ። አንድ ተኮሰ። ሁለተኛው አልጎረሰም። በእጁ ስቦ አቀባበለ፣ ተኮሰ፣ አሁንም ያው። ከፊል አውቶማቲክ የተባለው ጠመንጃ እንደ አያቶቻችን ምንሽር አንድ በአንድ ሆነበት። ማታ በንዴት ደወለ። እኔ ኢንተርኔት ላይ ልፈልግለት ስል አባባ ከጎኔ "ምን ሆነ ይላል?" አለ። ስልኩን ሰጠሁት።

"ጥይት አለበት?" አለ መጀመሪያ።

"የለበትም አባባ።"

"እይ ደግመህ።"

አየ። "የለበትም።"

"አፉን ወደ ላይ አድርግ። አሁን ወደ ታች። ድምፅ አለው?"

"የምን ድምፅ?"

"ውስጡ። ቀጭ ቀጭ ይላል?"

ጸጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ብረት ሲገለባበጥ ይታየኛል። "ምንም አይልም።"

"በቃ። ታንቋል" አለ አባባ፣ እና ስልኩን መለሰልኝ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ጥይቱ ሲተኮስ ከጋዙ ጥቂቱ በበርሜሉ ቀዳዳ ገብቶ አንዲት አጭር ፒስተን ይመታል። ፒስተኗ የምትሄደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን በዚያች ምት እጀታው ወደ ኋላ ተወርውሮ ቀለሁን ያወጣል፣ ሲመለስ አዲስ ያጎርሳል። ጥቀርሻ ከያዛት አትንቀሳቀስም። ነጻ ከሆነች ጠመንጃው ሲዘነበል ስትንሸራተት ትሰማለች። ጥዋት የበላውን የማያስታውስ ሰው ይሄን ከስድሳ ዓመት በኋላ በስልክ አገኘው።

ከመዝጋቱ በፊት የአጎቴ ልጅ "አባባን ጠይቅልኝ፣ ቁጥሩን አነብለታለሁ፣ ምናልባት..." አለ። ምናልባት ምን እንደሆነ አልጨረሰውም። አገሩን ካየ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሲቀበር አልመጣም። ለምን ያንን ጠመንጃ ከስንቱ መሀል እንደመረጠ ያኔ ገባኝ።

ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ቁጥሩን ቀስ ብሎ አነበበ። መጨረሻው 2086 ነው።

አባባ ቡናውን አስቀመጠ። ከንፈሩ ቁጥሩን ሲደግም አየሁ። እኔ ስልኬ ላይ 4417 አለ፤ ሰባት አሃዝ ስምንት አሃዝ ቁጥር ስፈትሽ የምውል ሰው ነኝ፣ አይመሳሰሉም፣ የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

"የኔ ነው" አለ አባባ።

በዚያኛው ጫፍ ዝም አለ። ከዚያ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። አባባ እኔን እያየኝ ነበር። ረስቶ ነው እንዳልል ዓይኑ የረሳ ሰው ዓይን አይመስልም፤ አውቆ ነው እንዳልል ወዲያው "ቁርስ አትሰጡኝም?" አለ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ።

አሁን ያለነው እዚህ ነው። ጠጋኙ ፒስተኗን አላቆ አጸዳለት፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር የማይሠራ የራሷ መፍቻ አላት። ቅዳሜ 15ቱም ሳይቋረጥ ወጡ። የወረቀቱን ፎቶ ልኮልኛል፤ ሁለቱ መሀል ላይ፣ አብዛኞቹ ትንሽ ወደ ግራ። ሥሩ ላይ "የአባባ ጠመንጃ" ብሎ በአማርኛ ጽፎበታል። ለአባቴ ሳሳየው ረጅም ጊዜ አየውና "ወደ ግራ ይስታል" አለ።

4417ን ከስልኬ አላጠፋሁትም። ለአጎቴ ልጅም አልላክሁለትም።