ጥርት ያለ ሰማይ የሚያመጣው ብርድ

ብርድን የማውቀው ዘግይቼ ነው። የተወለድኩትም ያደግሁትም መተሐራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሌሊት እንኳ አንሶላ የሚከብድበት አገር ነው። በመምህርነት ተመድቤ የገባሁት ደግሞ ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ። መጀመሪያ ብርዱን አምርሬ ጠላሁት። ማታ ጋቢ ተከናንቤ፣ ካልሲ ደርቤ፣ የዝውውር ማመልከቻዬን በልቤ ስጽፍ አመሽ ነበር። ግን ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ስለ አየር ሁኔታ እንዴት እንደሚነገር ያስተማረኝ ያው ብርድ ነው፤ ከየትኛውም ሥልጠና ይልቅ እሱ።

በልጅነቴ ሲከነክነኝ የኖረውን ጥያቄ ልጆቹም አመጡት። «ቲቸር፣ ተራራ ስንወጣ ወደ ፀሐይ እየተጠጋን አይደል? ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ፀሐይ ከእኛ የምትርቀው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር መውጣት ምንም አያቀርበንም። ዋናው ነገር ሌላ ነው። የፀሐይ ብርሃን አብዛኛው አየሩን ብዙም ሳያሞቀው አልፎ መሬት ላይ ያርፋል፤ የሚሞቀው መሬቱ ነው፤ አየሩን ከሥሩ የሚያሞቀውም መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣል። ከፍ ባለ ቁጥር ከላዩ የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስለት ይለጠጣል፤ ለመለጠጥ የሚያወጣው ጉልበት ከራሱ ሙቀት ላይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። የአየሩ ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይወርዳል። ከመተሐራ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ከፍታ በዚህ ብታሰሉት 12 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ልጆቹ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ፣ ያ የጠላሁት ብርድ ቁጥር ሆኖ ፊቴ ቆመ። ደስ አለኝ።

«ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል» የሚለውን ግን ማንም ልጅ በቃል ብቻ አያምነውም፤ ማመንም የለበትም። አንድ ተማሪ ብስክሌቱን ይዞ ገባ። ጎማውን በፓምፕ ሲነፋ ሌሎቹ የፓምፑን ታች እየነኩ ሞቆ አገኙት። ቀጥሎ ቫልቩን ተጭነው የሚወጣውን አየር በመዳፋቸው ተቀበሉት፤ ቀዝቃዛ ነው። ክፍሉ በሙሉ ተሰልፎ ነካ።

ከዚያ ደመና ሠራን። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ጨምረን አናወጥነው። ክብሪት ጭረን ወዲያው አጠፋነውና ጭሱን በአፉ አስገብተን ክዳኑን ጠበቅ አድርገን ዘጋን። ጠርሙሱን በሁለት እጅ አጥብቀው ሲጨምቁት ውስጡ ጥርት ይላል፤ ድንገት ሲለቁት ነጭ ጉም ይሞላዋል። እንደገና ሲጨምቁት ይጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ጭስ የሌለበትን ሌላ ሃይላንድም ሞከርን፤ ጉሙ እምብዛም አይታይም። እንፋሎት ወደ ጠብታ ለመለወጥ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ሰማይ ላይ ያ ነገር አቧራ ነው፣ ጭስ ነው፣ ከባሕር የሚነሣ የጨው ቅንጣት ነው። አየር ይነሣል፣ ይለጠጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘው እርጥበት ቅንጣት ላይ ጠብታ ይሆናል። የክረምቱን ዝናብ የሚያዘንበው መንገድ ይኸው ነው፤ ከጠርሙሱ የሚለየው በስፋቱ ነው።

ይህ ሁሉ በመልካም ሄደ። ነገሩን ወደ ጥልቁ የወሰደው ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር የገበሬ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የእኛ ባቄላ ሁለት ቦታ ነው። ውርጭ የሚመታው የታችኛውን ነው፤ የላይኛው አይነካም። ከፍታ ሲጨምር የሚበርድ ከሆነ ለምን የላይኛው ይተርፋል?»

ይህ ልጅ ማሳውን አይቶ የመጣ ነው። 6.5 ዲግሪው የብዙ ቀንና የብዙ ቦታ አማካይ ነው፤ አንድ ሌሊት አንድ ሸለቆ ውስጥ የሚሆነውን አይነግርም። መልሱን ከመናገር መለካት ይሻላል ብዬ ቴርሞ ሜትሮች ተከፋፈልን። አንዱን የታችኛው ማሳ ካለበት ሜዳ ላይ ከሳሩ ጋር አስተኛነው። ሌላውን እዚያው ሜዳ ላይ በደረት ቁመት፣ ክፍት የጣውላ ሣጥን ውስጥ ሰቀልን፤ የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎችም የአየሩን ሙቀት የሚለኩት ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብለው ነው። ሦስተኛውን ልጁ ይዞት ወደ ላይኛው ማሳ ሄደ።

ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ አነበብን። ሰማዩ ሌሊቱን ጥርት ብሎ ያደረ፣ ነፋስም ያልነበረበት ነው። የሣጥኑ ቴርሞ ሜትር ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ያሳያል፤ ሳሩ ላይ ያለው ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ሳሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ከላይኛው ማሳ የመጣው ንባብ ግን በደረት ቁመት ከተለካው የሜዳው አየር በሦስት ዲግሪ ይሞቃል።

መሬት ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ ከፊሉን ውጦ ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ሌሊቱን በደመና ተሸፍና ስታድር ውርጭ የማይታየው። በበጋ ግን አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ባዶ ስለሆነ ሙቀቱ ዝም ብሎ ያመልጣል። መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው መሬቱና ሳሩ ነው፤ እነሱን የነካው አየር ተከትሎ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ነፋስ ቢኖር ከላይ ካለው ሞቃት አየር ጋር ይቀላቅለው ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ «ለዚህ ነዋ አባቴ ነፋስ ሲነሣ ተመስገን የሚለው!» አለ።

ይህን በመለካት ካሳዩት ሰዎች አንዱ ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ጤዛ መጽሐፍ አሳተመ። ለንደን አጠገብ በአንድ የአትክልት ቦታ ሌሊት ሌሊት ሱፍ እያስቀመጠ፣ የጠጣውን ጤዛ እየመዘነ፣ የሳሩን ሙቀት ከአየሩ እያስተያየ ነው የደረሰበት። ከሥራዎቹ የምወደው የመሐረቡን ነው፤ ስስ መሐረብ በእንጨት ወጥሮ ከሳሩ ጥቂት ከፍ አደረገና፣ ከሥሩ ያለው ሳር ሰማዩን ፊት ለፊት ከሚያየው ሳር ሞቆ አገኘው። መሐረብ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሳሩን ከባዶው ሰማይ ጋር እንዳይተያይ ስለጋረደው ብቻ ነው።

እኛም በአራት እንጨት ላይ ያረጀ ነጠላ ወጠርን። ጠዋት ዙሪያው ነጭ ሆኖ፣ ከነጠላው ሥር ያለው ሳር አረንጓዴ አድሮ ተገኘ። ልጆቹ ተንበርክከው በጣታቸው እየዳሰሱ ድንበሩን ሲከተሉ ቆሜ አየኋቸው።

ማታ ለአከራዬ አወራሁላት። እትዬ ሳቅ ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ፤ የጎመን ችግኟ ላይ በእንጨት የተደገፈ ሣር ተዘርግቷል። «ልጄ፣ ማታ ቀና ብለሽ ሰማዩን ካላየሽ ጠዋት ጎመን የለሽም። ኮከቡ ከበዛ ትሸፍኛለሽ፣ ደመና ካለ ትተኛለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የአየር ሁኔታን ትምህርት የምጀምረው ልጆቹ ቤት ያሉ ሰዎች ሰማዩን አይተው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀው እንዲመጡ በማዘዝ ነው። ቴርሞ ሜትሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣም ልጆቹ ምን እንደሚፈልጉበት ያውቃሉ።

የባቄላው ጉዳይ ግን በነጠላ አያልቅም፤ ማሳ አይሸፈንም። ልጁ አባቱን ጠይቆ ያመጣልን መልስ የዘር ጊዜ ነው። ክረምቱ በጊዜው ከገባ ባቄላው በጊዜ ተዘርቶ፣ አብቦና ፍሬ ይዞ ውርጩን ይቀድመዋል። ዝናቡ ከዘገየ ዘሩ ይዘገያል፤ ብርዱ ሲመጣ ገና አበባ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ የኅዳርን ውርጭ የጠየቀ ክፍል ሰኔን መጠየቁ አይቀርም። ከጠርሙስ የዝናብ መለኪያ ሠርተን፣ ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ አድርገን ግቢው መካከል ተከልን። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ያ ልጅ በአባቱ ማሳ ስፋት አባዝቶ ደብተሩ ላይ እያሰፈረ ነው።