አምስት ፊደል

ኤርፖርት ተራ ላይ ነኝ። ከፊቴ የቆመው ታክሲ ብዙ ነው፤ ተሳፋሪ እስካገኝ አንድ ሰዓት ቢፈጅም አይገርመኝም። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ይህን ተራ ያውቀዋል። አንዱ ቡና ይቀዳል፣ አንዱ ፖለቲካ ይተነትናል፣ እኔ ዎርድል እጫወታለሁ።

ለማታውቁት፦ አምስት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ተደብቋል፤ ለማግኘት ስድስት ሙከራ አላችሁ። የገመታችሁት ፊደል ቦታውን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታው ሌላ ከሆነ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለ ግራጫ። በቀን አንድ ቃል ነው።

ባለፈው ሳምንት ከኋላዬ ተራ የያዘ ጓደኛዬ መስኮቴን አንኳክቶ ፈተነኝ። «አምስት ፊደል። ሁለት ዩ፣ ሁለት ኢ። አሁን ያለንበት ነገር ነው።» መኪና አልኩ፣ ችግር አልኩ፣ ስደት አልኩ። ለካስ «ኪው» ኖሯል፤ እንግሊዞች ሰልፍን የሚጠሩበት ቃል። እኛ ብንጽፈው ሁለት ፊደል ነው፣ እነሱ አምስት ያባክኑበታል።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እንግሊዝኛን የያዝኩት በጆሮዬ ነው፤ የሰማሁትን ጭንቅላቴ ውስጥ የምጽፈው በፊደላችን ነው። «ናይፍ» ለእኔ ሦስት ነው። እነሱ ግን ፊት ለፊቱ አንድ የማትናገር ኬ ያቆማሉ፣ ኋላው ላይ ደግሞ አንዲት ዝምተኛ ኢ። ሃያ ዓመት ያወራሁበትን ቋንቋ በፊደል ቁጥር ፈልግ ስባል የምጠፋው ለዚህ ነው። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ መልኩን ግን አይቼው አላውቅም።

ጓደኛዬ ታዲያ «በአማርኛ ለምን አንሠራውም?» አለ። ሞክሩት እስኪ። የእንግሊዝኛው ተጫዋች መጀመሪያ አናባቢ ያድናል፤ ብዙ ሰው «ኦዲዮ»ን የሚያስቀድመው ከአምስቱ ፊደል አራቱ አናባቢ ስለሆኑ ነው። የእኛ አናባቢ ግን ፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። የተደበቀው ሱ ቢሆንና እኔ ሰ ብል ቀለሙ ምን ሊሆን ነው? ግማሽ ቢጫ? እነሱ 26 ፊደል አላቸው፤ የእኛ ገበታ 33 በ7፣ 231 ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። አምስቱ ግራጫ ቢሆኑብን ገና 226 ይቀሩናል። ይህ ሁሉ ቢታለፍ እንኳ ፀሐይ ላይ እንጣላለን። አንዱ በጸ፣ አንዱ በፀ፤ ሐ ነው ሀ ነው ሲባል ጨዋታው ቀርቶ ሽምግልና ይቀመጣል። እኔ በበኩሌ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቡና ብጠጣ ይሻለኛል።

የዎርድል ፈጣሪ ጆሽ ዋርድል ኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነበር። የሠራው ቃል ጨዋታ ለምትወደው ለፍቅረኛው ለፓላክ ሻህ ነው። 12,000 ገደማ የሚሆኑትን ባለ አምስት ፊደል ቃላት አንድ በአንድ አይታ፣ ሰው የሚያውቃቸውን ወደ 2,500 ገደማ ያስቀረችው እሷ ናት። በ2021 ኅዳር መባቻ 90 ሰው ይጫወተው ነበር፤ በሁለት ወር ከ300,000 አለፈ። በጥር 2022 መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ።) የሚገርመው፣ ፊደል የተጻፈባቸው ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ቃል የሚሠራበትን ስክራብልን የፈጠረው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ሥራ ፈትቶ ሳለ የትኛው ፊደል እንደሚበዛ የቆጠረው ከዚሁ ጋዜጣ ገጽ ላይ ነበር። በቆጠራው መሠረት ኢ 12 ጠጠር ስትይዝ ኪው የምትባለው ፊደል አንዲት ብቻ ደረሰቻት።

ቤቴ ስክራብል አለ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ሁልጊዜ ታሸንፈኛለች። አንድ ማታ «አባዬ፣ የእናንተም ቃላት ይፈቀዳሉ እኮ» ብላ አሳየችኝ። ጤፍ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ብር አለ። ንጉሥ 6 ነጥብ፣ ብር 6፣ ጤፍ በሁለቱ ኤፍ ምክንያት 10! ጤፍ ከንጉሥም ከብርም ትበልጣለች፤ የጤፍ ዋጋ ለሚከታተል ሰው ይህ አዲስ ዜና አይደለም። የብር ብዙ ቁጥር ደግሞ «ብሮች» ተብሎ፣ የእኛን «ኦች» እንደያዘ፣ በስምንት ፊደል ተፈቅዷል።

ሌላ ቀን አምስት ፊደል ደረደረችልኝ፤ ኤም፣ ዋይ፣ አር፣ አር፣ ኤች። አንድም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ የለበትም። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ትርጉሙን አላውቅም፣ ግን ቃል ነው» አለች። ስልኬ ላይ ባየው ከርቤ! እናቴ ቤቱን የምታጥነው ከርቤ። ፊደሉን እሷ አወቀች፣ ሽታውን እኔ።

የእሷ መንገድ እስከ የት እንደሚያደርስ የኒው ዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ አሳይቷል። በ2015 ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የቃላቱን መዝገብ ሸምድዶ ነው የሄደው። በ2024 በስፓኒሽም ደገመው። አደንቀዋለሁ፣ አልቀናበትም። በዚያው በ2015 በእንግሊዝኛው ያሸነፈው ግን ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው። ሰባቱን ጠጠር በአንዴ ያወረደ 50 ነጥብ ጉርሻ እያገኘ፣ ናይጄሪያውያን ረጅሙን ቃል እያወቁ አጭሩን፣ አራትና አምስት ፊደሉን መምረጥ ልማዳቸው ነው። ጥሩ ጠጠር እጃቸው ላይ ያስቀራሉ፣ ለተጋጣሚ ደግሞ ሰሌዳውን አይከፍቱለትም። እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ።

ተራዬ ደረሰ። ዛሬ በስንተኛው ሙከራ አገኛችሁት? ቁጥሩን ብቻ ጻፉልኝ፤ ቃሉን ግን አደራ፣ ገና አራተኛው ላይ ነኝ።