የእናት ቤት ዕቃ

ባረጀች እናት ቤት የሚገኝ ዕቃ በገበያ ቢሸጥ ዋጋው ጥቂት ነው። አንድ መሶብ፥ አንድ ሙቀጫ፥ ጥቂት ጋንና እንስራ፥ ምናልባትም ከአባት የቀረ አንድ ዳዊት ይገኝበታል። ነገር ግን ወንድምና እኅት በእንዲህ ያለ ዕቃ ሲጣሉ በመሬት ከሚጣሉት ይልቅ ጠባቸው ይከፋል፤ መሬት በገመድ ተለክቶ ይከፈላል፥ መሶብ ግን ለሁለት ቢቈረጥ ለማንም አይጠቅምም።

አንዲት ባልቴት ሁለት ልጆች ነበሩአት። ታላቂቱ ከእናትዋ ጋር በአንድ ቤት ተቀምጣ ውኃ እየቀዳች፥ እንጀራ እየጋገረች ትጦራት ነበር። ወንድምዋም በሩቅ ከተማ እየሠራ ከደመወዙ ይልክ ነበር። እናታቸው በደከመች ጊዜ እርሱ መጥቶ፥ «ዕቃው የተገዛው በእኔ ገንዘብ ነው» አለ። እርስዋም፥ «የድካሜ ዋጋ ነው» ብላ መለሰች። በሁለቱም ቃል እውነት ነበረበት፤ ጠባቸውም ስለዚህ አልበረደም። የሚጣሉ ክፉዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሽማግሌዎች ሥራ ባልበዛባቸውም ነበር።

አንድ ሌሊት ወንድሙ ሙቀጫውንና ዳዊቱን ወስዶ በጎረቤት ቤት አኖረ። እኅቱም ይህን ባየች ጊዜ ስኒዎቹንና የቀረውን ጥቃቅን ዕቃ በሣጥን ቈልፋ ቍልፉን በአንገትዋ አሰረች። በማግሥቱ እናታቸው እንደ ልማድዋ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ዓይንዋ ስለ ፈዘዘ ሙቀጫውን በእጅዋ እየዳሰሰች ፈለገች፥ ስኒዎቹንም ፈለገች፤ አንዱንም አላገኘችም። ማንን እንደምትጠይቅ ጨነቃት፤ አንዱን ብትጠይቅ በሌላው ላይ መፍረድ ይሆንባታልና። እሳቱን አጥፍታ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎች ተጠርተው የሁለቱን ክርክር እስከ ቀትር ሰሙ። ከዚያ በኋላ አንደኛው ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ዝም አሉ።

ጥያቄው ከሕግም ጋር የተስማማ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ የሚከፈተው ሰው ሲሞት መሆኑን ይናገራል፤ ኑዛዜ ከሌለም የወንድና የሴት ልጅ ድርሻ እኩል ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ግን ዕቃው የራሱ ነው፥ ልጆቹም የሚካፈሉት ውርስ የለም። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ደግሞ አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታ ኢየሱስን በለመነ ጊዜ፥ ጌታ በእነርሱ ላይ አካፋይ ሊሆን አልወደደም።

ሽማግሌውም ወደ እናቲቱ ዘወር ብለው፥ «እሜቴ፥ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እርስዋን የጠየቀ አልነበረም።

እርስዋም፥ «ኑዛዜዬን ጻፉልኝ። ዳዊቱ የወንድ ልጄ ይሁን፥ አባቱ ያነብበው ነበርና። መሶቡና ስኒዎቹ የሴት ልጄ ይሁኑ፥ ከእጅዋ በልቻለሁና። ሙቀጫውን ግን ዛሬውኑ መልሱልኝ፤ እኔ ገና ቡና እጠጣለሁ» አለች።

ቃልዋም ተጽፎ፥ ሕጉ እንደሚያዝዘው በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፥ ተፈረመም። ወንድሙ ሙቀጫውን በትከሻው ተሸክሞ ከጎረቤት አመጣ፤ እኅቱም ሣጥኑን ከፈተች። ቡናው ግን ዘግይቶ ስለ ተጀመረ በረካው ሳይደርስ መሸ።