«አባዬ፣ ይዘገያል»

ሰሞኑን ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩ የቴሌቪዥን ጉዳይ ነው፤ ግን ትንሽ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ደግሞ በተለይ አንብቡት፤ እናንተንም ይመለከታል።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ ቤት አይገባም፤ ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳል። ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ አራት ባለ 32 ኢንች ቲቪ፣ ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የሰፈር ልጅ ሁሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነበር። አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይዞለት መጣና «በቃ፣ ደህና ቲቪ ከገዛሁ ልጄ ቤቱ ይጫወታል» አልኩ። እቁብ ሲወጣልኝ መርካቶ ሄድኩ። ልጁን አልወሰድኩትም፤ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነዋ!

ሱቁ ውስጥ ቲቪው ተደርድሮ ፏፏቴና ባለቀለም ዓሣ ያሳያል። እኔም እንደማንኛውም ሰው ጠየቅሁ። ስንት ኢንች ነው? ፎርኬ ነው? ስማርት ነው? ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በመስኮት እንደማየት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምስሉ ፏ ያለ ነበር። ባለ 55 ኢንቹን ተሸክመን ገባን።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደስታ አልነግራችሁም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ፊፋ ሲጫወት በየጨዋታው ፍፁም ቅጣት ምት ይሰጥበታል። ኳሷን ለመንጠቅ ይጫናል፣ ተከላካዩ ዘግይቶ ይገባል፣ ሰው ይጠልፋል።

«አባዬ፣ ይዘገያል» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቲቪው። እኔ እጫናለሁ፣ እሱ ቆይቶ ነው የሚሰማኝ።»

ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ ምን ብል ጥሩ ነው? «የሚዘገየው ያንተ እጅ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ፕሌይስቴሽን ቤት መሄድ ጀመረ። እዚያ በዚያች አሮጌ 32 ኢንች ያሸንፋል፤ ቤት በአዲሱ ይሸነፋል። እኔ ደግሞ ይሄን ለውጭ መውጫ የተዘጋጀ ሰበብ አድርጌ ያዝኩት። «ይሄን ሁሉ ብር ያወጣሁት ሰበብ ልሰማ ነው?» ብዬ ጮህኩበት፤ ፕሌይስቴሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። እናቱ «ልጁ መቼ ዋሽቶህ ያውቃል?» ብትለኝም አልሰማኋትም።

አንድ እሁድ አስጠራሁት። ልታረቀው እንዳይመስላችሁ፤ ውሸቱን በቁጥር ላሳየው ነበር። የስልኬ ካሜራ ስሎው ሞሽን ላይ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል፤ ስለዚህ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መሃል ያለው ጊዜ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው። አውራ ጣቱንና ስክሪኑን አንድ ላይ እየቀረጽኩ የሜኑውን ቁልፍ እንዲጫን አደረግሁት። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያሳለፍን ቆጠርን። ጣቱ ከወረደ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር እስኪንቀሳቀስ 45 ምስል። ወደ 190 ሚሊሰከንድ። ደጋግመን ሞከርነው፤ ያው ነው።

«ፕሌይስቴሽኑ አርጅቶ ይሆናል» አልኩ። አሁንም እጅ መስጠት የለም!

ቲቪ የሚጠግን የድሮ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። (እያነበብክ ከሆነ ተባረክ።) የሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ቲቸር፣ ጌም ሞድ አብርታችኋል?»

እኔ ጌም ሞድ የሚባለውን ቀለም ማድመቂያ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን አበራነውና እንደገና ቀረጽን። ልጁ ራሱ ቆጠረ። 22። ግማሽ እንኳን አልሞላም። ልዩነቱ 95 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ ያ ሁሉ የቲቪው ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ቲቪው ከፕሌይስቴሽኑ የመጣለትን ምስል እንዳለ አያሳየውም። ያጠራዋል፣ ያሰላዋል፣ እንቅስቃሴው ለስለስ እንዲል ደግሞ በሁለት ምስሎች መሃል ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ምስል ይጨምራል። መሃለኛውን ለመፍጠር የግድ ቀጣዩ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ዜና ወይ ፊልም ስናይ ይሄ አይታወቀንም፤ ድምፁም አብሮ ይዘገያል፣ ቁልፍ የሚጫንም የለም። ጌም ሞድ ይህን ሥራ አብዛኛውን ያስቀርና ምስሉን ቶሎ ይለቀዋል። ሱቅ ቆሜ አፌን ከፍቼ ያየሁት ውበት፣ ቤት ሲገባ ልጄን የሚያዘገየው ነገር ሆነ ማለት ነው።

«95 ሚሊሰከንድ ምን አላት?» የምትሉ አትጠፉም። ማስመሪያውን አስታውሱ። አንዱ ከላይ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ጣቱን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሲለቀቅ ይይዛል። 20 ሴንቲሜትር ላይ ከያዛችሁት 0.2 ሰከንድ ፈጅቶባችኋል። አሁን በዚያ ላይ 0.1 ሰከንድ ጨምሩ። ማስመሪያው 44 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ባለ 30 ሴንቲሜትሩ ማስመሪያ አመለጣችሁ፤ መሬት ነው። ይሄንን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ልጄ በጣቱ ሲነግረኝ አላመንኩትም።

«ልክ ነበርክ፤ ይቅርታ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ኩራት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከበሩ በኩል ትቀመጥ የነበረች ልጅ ትዝ አለችኝ። «ቲቸር፣ ሰሌዳው ያንጸባርቃል» ስትለኝ «አጥንተሽ ብትመጪ አያንጸባርቅም» ብያት ክፍሉን አስቄባታለሁ። አንድም ቀን እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አላየሁም። እዚህ ካለሽ፣ ያንቺንም ይቅርታ እዚሁ ልበል።

አሁን ወደ ግዢው። ቲቪ ለጌም የምትገዙ ካላችሁ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ ፕሌይስቴሽኑንም። ባለሱቁ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ፏፏቴውን አጥፉና ጌም ሞድ እንዳለው ጠይቁ፣ አስበሩት፣ ልጁ ይጫወትበት። ካርቶኑ ላይ 200 ምናምን ተብሎ የተጻፈ የእንቅስቃሴ ቁጥር አያታልላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ቁጥር እንጂ የስክሪኑ እውነተኛ ፍጥነት አይደለም። የምትጠይቁት «ስክሪኑ ራሱ 60 ኸርዝ ነው 120?» ብላችሁ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ቲቪ ላይ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ስለማያወጣ ለ120 ብር መጨመር ለኛ ቤት ትርፉ ድካም ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ግን በፎርኬ 120 ማየት ከፈለገ ኤችዲኤምአይ 2.1 ያለው ይፈልግ፤ ሁሉም መሰኪያ ላይሆን ስለሚችል የትኛው እንደሆነም ያረጋግጥ። ኦሌድ ለፍጥነትም ለጥቁረትም ግሩም ነው፤ ሆኖም የጎል ሰሌዳዋ ለብዙ ሰዓት አንድ ጥግ ላይ ስትቆም ከጊዜ በኋላ ጥላዋ ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። ኢንቹን ደግሞ ሳሎናችሁ ይወስን። የኛ ሶፋ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ነው፤ 43 ይበቃን ነበር፣ የተረፈው ብር ለስታብላይዘር ይሆን ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሮጬ የምነቅለው እኔ ነኝ።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳል። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፣ ምን አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለቱን ይዟቸው ቤት መጣ። አንደኛው ጆይስቲኩን ገና ከመያዙ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየና «ትልልቆቹ ይዘገያሉ ይባላል፣ ይሄስ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይዘገይም» አለው ልጄ። «አባዬ ለክቶታል።»