ሹካውን የሚመርጠው መንገዱ ነው

አንድ መሣሪያ ከተፈለሰፈበት አገር ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ስሙንና ዋጋውን ይዞ ይመጣል እንጂ የተሠራበትን መንገድ ይዞ አይመጣም። ስለዚህ ተቀባዩ ሁልጊዜ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይህ ነገር ለእኔ ምድር ምን ይበጃል? ይህን ጥያቄ እዚህ ላይ የማነሣው ስለ ተራራ ብስክሌት፣ በተለይም ስለ ፊተኛው ሹካና ስለ ጭነቱ አያያዝ ነው። መመዘኛ አድርጌ የያዝኩትም የማንኪራን መሬት ነው።

ማንኪራ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ የምትገኝ፣ የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ ናት የሚላት ቀበሌ ናት። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዝናቡ ከዓመቱ ወራት በብዙዎቹ አይለይም። የእግር መንገዱ ቀይ አፈር ሲሆን፣ በረጠበ ጊዜ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ የዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይጋደማል፤ ድንጋይ በወደቀ ቅጠል ሥር ይሸሸጋል። ቁልቁለቱን በፍጥነት የሚወርድ ጋላቢ ከዓይኑ ይልቅ በእጁ ያያል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ብስክሌት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በብስክሌት ተወዳድሯል። የዚያ ዘመን ሹካ ግን ሞላ የሌለው፣ ለጥርጊያ ጎዳና የተሠራ ደረቅ ብረት ነበር። በተራራ ቁልቁለት መጋለብ የተስፋፋው በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ነው፤ ሮክሾክስ የተባለው ድርጅት አርኤስ-1 የተባለውን ባለሞላ ሹካ ለገበያ ያቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የዚያ ሹካ እጥፋት ወደ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ለብርቱ ቁልቁለት የሚሠራው ከ160 ሚሊ ሜትር በላይ ይታጠፋል።

ታዲያ ትልቁ ሁሉ የተሻለ ነውን? አይደለም። በማንኪራ የወረደ ሰው መውጣትም አለበት፤ ወደ ላይ የሚጎትተው መኪና የለም። ረጅም ሹካ ይከብዳል፣ የብስክሌቱን ፊት ከፍ ያደርጋል፣ በዳገት ላይ ፊተኛውን ጎማ ያንሳፍፋል። ክፈፉ ለአጭር ሹካ የተሠራ ከሆነም መገጣጠሚያውን ከዐቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል። በእኔ ግምት ለዚህ ምድር ከ130 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሚታጠፍ ሹካ ይበቃል። ዋናው ነገር እግሮቹ እንዳይጣመሙ ወፈር ማለታቸውና ጎማው ባለ15 ሚሊ ሜትር ፔርኖ መያዙ ነው። ሥር ላይ ሲያርፍ የሚጣመም ሹካ፣ የቱንም ያህል ቢታጠፍ፣ ጋላቢውን ከመንገዱ ያስወጣዋል።

የውስጡ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የብረት ሞላ ነው፤ ይከብዳል፣ ግን እንክብካቤ ሲጎድልበት ይታገሣል። ሁለተኛው የታመቀ አየር ነው፤ ይቀላል፣ እንደ ጋላቢውና እንደ ጭነቱ ክብደትም ሊስተካከል ይችላል። ይሁንና ለዚሁ የተሠራ ፓምፕ ያሻዋል፤ የጎማ ፓምፕ ለዚህ አይሆንም። ልኩ የሚታወቀው ጋላቢው ዕቃውን ሁሉ ይዞ ፔዳሉ ላይ ሲቆም ነው፤ 140 ሚሊ ሜትር የሚታጠፍ ሹካ ያን ጊዜ ከ28 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ደህና ነው። ሹካው ተመልሶ የሚዘረጋበትን ፍጥነት የሚገታው ደግሞ በውስጡ ያለው ዘይት ነው። ዘይት የሌለው ርካሽ ሞላ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ የሚያበርድ መስሎ ይጥላል። ስለዚህ ገንዘቡ ለበጎ ሹካ የማይበቃ መምህር ወይም ወጣት፣ ደረቁን ሹካ ይዞ ሰፊ ጎማና የታመነ ፍሬን ቢገዛ ይሻለዋል። የመጀመሪያው ሞላ ጎማው ነውና።

ጭቃ የሹካ ጠላት ነው። ከጉዞ በኋላ የሚንሸራተቱትን እግሮች በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ በኃይለኛ የውሃ ግፊት አለማጠብ፣ ዘይቱንም በየጊዜው መለወጥ የሞላውን ዕድሜ ያረዝማል። ከመግዛት በፊትም የላስቲክ ማኅተሙን ማን እንደሚለውጠው መጠየቅ ተገቢ ነው። መለዋወጫው የማይገኝለት ውድ ሹካ፣ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ደረቅ ብረት ከመሆን አይድንም።

ስለ ጭነትስ? በዚህ ረገድ አስተማሪያችን በቅሎ ጫኝው ነው። ጭነቱን ግራና ቀኝ ሳያመዛዝን፣ መጫኛውንም ሳያጠብቅ አይነሣም። ብስክሌትም በዚህ ሕግ ይገዛል። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ውሃና መፍቻ፣ ዝቅ ብሎ በክፈፉ መካከል ይቀመጥ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን አንርሳ። ከመሪው ፊት የዝናብ ልብስን የመሰለ ቀላል ነገር ብቻ ይታሰር። በሹካው እግር ላይ ዕቃ ማንጠልጠል፣ ሠሪው ካልፈቀደ በቀር፣ ከመሬቱ ጋር እየወጣና እየወረደ መሥራት ያለበትን አካል ማሰር ነው። የኋላ ፖርቶመጋላ ለገበያ መንገድ ያገለግላል፤ በቁልቁለት ግን ይወዛወዛል፣ በዳገትም የፊቱን ጎማ ያቀላል። ከባድ የጀርባ ቦርሳ ደግሞ ጋላቢው በወደቀ ጊዜ ወደ አንገቱ ይገፋል፤ መፍቻና ፓምፕ ከአከርካሪው ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለባቸውም። በወገብ የሚታጠቅ ትንሽ ቦርሳ፣ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ፋሻ ከያዘ ይበቃል። የራስ ቁር ግን ከጭነት አይቆጠርም፤ ያለ እርሱ መውረድ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። የማንኪራ መንገድ የስፖርት ሜዳ አይደለም። ቡና የተሸከመ ገበሬ፣ ውሃና እንጨት ያዘለች እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ይመላለሱበታል። በጎ ሹካ ለጋላቢው ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ያን ያህልም ኃላፊነት ይጭንበታል። መታጠፊያውን ሳያዩ አለመብረር፣ ለተሸከመ ሰው ወርዶ ማሳለፍ፣ መንገድ በጭቃ ተዘጋ ብሎ የቡናውን ችግኝ በጎማ አለመርገጥ፣ ዝናቡ በበረታበት ቀንም ብስክሌቱን ከቤት ማዋል የመሣሪያው ዕውቀት ክፍሎች ናቸው። ሹካው ድንጋዩንና ሥሩን ሊያበርድ ይችላል፤ ሸክም ተሸክሞ ዳገቱን ለሚወጣው ሰው የሚሳሳ ልብ ግን ከጋላቢው ሌላ ማንም አያመጣለትም።