ለንባብ የተከፈተ ገጽ

በእኛ በመምህራን ዘንድ «በድረ ገጽ የወጣ ትምህርት የሁሉም ነው» የሚል አነጋገር ዘወትር ይሰማል። ቅን መንፈስ ያለበት አባባል ነው፤ ሆኖም ማንበብ ተፈቀደ ማለት ማባዛት፣ መተርጐምና መሸጥ ተፈቀደ ማለት አይደለምና አልስማማበትም።

በእርግጥ ሕጉ ለመምህሩ አልጨከነበትም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአንቀጽ 11፣ ታትሞ የወጣን ሥራ ለማስተማር ሲባል በተገቢው መጠን ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል፤ በተቻለ መጠን ምንጩና የደራሲው ስም እንዲጠቀሱም ያዛል። እንግዲህ ለክፍሉ ተማሪዎች ሁለት ገጽ የሚያባዛ መምህር ከሕግ ጋር አልተጣላም። አንቀጹ የሚናገረው ግን ስለ ማባዛት ነው። መተርጐም በዚያው አዋጅ ከደራሲው መብቶች አንዱ ሲሆን፣ የአገራችን መምህር ደግሞ ዕለት ተዕለት የሚደክመው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ ተማሪው ቋንቋ ለማምጣት ነው።

ስለዚህም ከገጹ ግርጌ የምትገኘው አጭር የፈቃድ ቃል ታላቅ ዋጋ አላት። «ክሪኤቲቭ ኮመንስ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ባወጣቸው የፈቃድ ዓይነቶች የሥራው ባለቤት ፈቃዱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ስሜን ጥቀስ፣ አትሽጠው፣ ወይም አትለውጠው ይላል። ለእኛ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ትርጉምም እንደ ለውጥ ይቈጠራልና የተተረጐመውን ማሠራጨት ይከለክላል። የአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ግን በነፃ የለቀቃቸው የትምህርት ሰነዶች፣ ስሙ እስከ ተጠቀሰ፣ ለንግድ እስካልዋሉና ትርጉሙም በዚያው ፈቃድ እስከ ወጣ ድረስ እንዲተረጐሙ ፈቅዷል። ለማንም ደብዳቤ ሳልጽፍ፣ መልስም ሳልጠብቅ፣ ለተማሪዎቼ ጥቂት የመካኒክስ ክፍሎችን የተረጐምሁት ከዚያ ነው።

ነገሩ ለባህላችን እንግዳ አይመስለኝም። የብራና መጽሐፍ ዕድሜው በመገልበጥ ነበር፤ ቁም ጸሐፊዎችም የገለበጠውን አልረገሙም። በመጽሐፉ ጫፍ የሚጻፈው ውግዘት የሚያነጣጥረው በሰረቀውና በፋቀው ላይ ነው።

እኔ ያዘጋጀሁት የፊዚክስ መልመጃ ከአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተጠርዞ ሲሸጥ አግኝቼዋለሁ። ስሜ ተፍቋል። የስሙስ ይሁን፤ ከሥሩ ማንኛውም መምህርና ተማሪ ያለ ክፍያ ሊያባዛው እንደሚችል የሚገልጽ አንድ መስመር ነበር። እርሱም አብሮ ተቈርጧል። አንዲት ተማሪ በነፃ የተሰጣትን መልመጃ ሳንቲሟን ቈጥራ ስትገዛ አየሁ።