የእቴቴ የዱቤ ደብተር

ሰሞኑን ልቤ ላይ የቀረ ነገር አለ፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

እቴቴ ምግብ ቤታቸውን ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የከፈቱት እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። አምስት ጠረጴዛ፣ ከኋላ ጓዳ፣ በሩ ላይ የጀበና ቡና። ስም የተጻፈበት ታፔላ አልነበረውም፤ ሁላችንም "እቴቴ ጋ እንብላ" ነው የምንለው። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ጠርዙ በዘይት የወዛ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያስቀምጡ ነበር።

አንድ ቀን ሒሳብ እንድደምርላቸው ሰጡኝና ገልጬ አየሁት። እውነተኛ ስም የለበትም ማለት ይቻላል። "ረጅሙ ሊስትሮ፣ 2 ሽሮ።" "የፎቁ ሥራ ልጅ፣ ጎጃሜው፣ 1 ፍርፍር።" "መጽሐፍ አዟሪው፣ የ3 ቀን።" አንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋጋ የለም፤ ትንሽ መስቀል ብቻ ተደርጎበታል። "ይሄስ ምንድነው?" ስላቸው "እሱን አትደምረው" አሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። መስቀል የተደረገበት ሰው እንደማይከፍል እሳቸው ያውቃሉ፤ ሰውየው ግን መስቀሉን አያውቅም። እሱ በዱቤ እንደሚበላ ነው የሚያውቀው። ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ "ዛሬ ፍርፍር ይሻለኛል" ብሎ ያዛል፣ በልቶ ሲወጣ "ይጻፉብኝ" ይላል። እሳቸውም ይጽፋሉ።

"ይጻፉብኝ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ይህን የሚል ሰው ባለዕዳ እንጂ ለማኝ አይደለም። ነገ ሠርቶ ሊከፍል ያሰበ፣ ሰው የሚያምነው ሰው ነው። እቴቴ ከሽሮው በላይ ይሰጡት የነበረው ይህን ነበር።

ከተማችን ውስጥ የሆቴል ትርፍራፊ የራሱ ስም አለው፤ ቡሌ ይባላል። ፓስታው ከክትፎው፣ ሰላጣው ከወጡ ተደበላልቆ በፌስታል ከጓሮ በር ይወጣል። የጎዳና ልጆች ይሻሙበታል፤ በገንዘብ የሚገዙትም ጊዜ ብዙ ነው። ቡሌ ስንቱን ከረሃብ እንዳዳነ አውቃለሁ፣ ምግብ ከሚደፋ ለሰው ይድረስ ያለውን ባለሆቴልም ክፉ አልለውም። ነገር ግን ከጓሮ በር በፌስታል ያወጣ ሰው ለሰፈሬ ሰጠሁ ሊል አይገባውም። ለሰፈሩ የሰጠ ሰው በፊት ለፊት በር ያስገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ከዚያው ድስት ይጨልፋል።

ቸርችል ጎዳና ላይ ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የምግብ ቲኬት ይሸጥ የነበረበት ጊዜ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ቲኬቱን ገዝታችሁ መንገድ ላይ ለለመናችሁ ሰው ትሰጡታላችሁ፤ እሱም ሄዶ ትኩስ ምግብ ተቀምጦ ይበላል። ልጅ ሆኜ የዚያ ነገር ትርጉም አይገባኝም ነበር። አሁን ሳስበው ከእቴቴ ደብተር ጋር አንድ ነው።

በሰው አገርም እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይ፣ ዛሬ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት አካባቢ፣ አሊ የሚባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1958 የከፈቱት ቤንስ ቺሊ ቦል አለ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሰፈሩ በእሳትና በረብሻ ሲታመስ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ ሳለ፣ እነሱ በልዩ ፈቃድ በራቸውን ክፍት አድርገው ያድሩ ነበር። ፖሊሱም፣ እሳት አጥፊውም፣ በሐዘን የተቆጣው ወጣትም እዚያው ይመገብ ነበር። የእኛው ማርከስ ሳሙኤልሰንም አለ፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ስዊድን ያደገው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ኒውዮርክን ሲዘጋት ሃርለም ያለው ምግብ ቤቱ ሬድ ሩስተር ለእንግዳ ተዘጋ፤ ምድጃው ግን አልጠፋም። ከሼፍ ሆሴ አንድሬስ ድርጅት ከወርልድ ሴንትራል ኪችን ጋር ሆኖ ለሰፈሩ ሰው በነፃ ምግብ ያወጣ ጀመር።

እነዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። እቴቴን ግን ያወቃቸው ደብተራቸው ብቻ ነው። በበዓል ሰሞን ባነር ሰቅሎ፣ ካሜራ አቁሞ፣ የተቸገረ እናት እጅ ላይ ዘይት እያስያዘ ፎቶ የሚነሳውን ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያን ዓይነቱን ስጦታ አልወደውም። ሰው የሚርበው በዓል ባልሆነ ማክሰኞም ነው።

2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች። የእቴቴም ቤት አብሮ ሄደ። ደንበኛው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ሊስትሮውም፣ መጽሐፍ አዟሪውም የት እንደገቡ አላውቅም። እሳቸው ከከተማው ዳር ባለ ሦስት ጠረጴዛ ቤት ተከራይተው እንደገና ጀመሩ። ባለፈው ወር አፈላልጌ ሄድኩ። ተጋቢኖው ያው ነው። ደብተሩ አዲስ ነው።

"መስቀሉስ?" አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ "ያኔ አሥራ አንድ ሰው ነበረኝ፤ አሁን ሦስት ነው የምችለው" አሉኝ፣ ጥፋት የሠሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የጤፉን ዋጋ፣ የዘይቱን፣ የሽንኩርቱን፣ የከሰሉን፣ የቤት ኪራዩን አንድ በአንድ ነገሩኝ። በቀን የሚመጣው ከፋይ ደንበኛ የድሮውን ግማሽ አይሞላም።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ያ መስቀል ከየት ይከፈል ነበር? እኛ ምሳ ከበላንበት ነው። ሳናውቀው እኔም፣ የሥራ ባልደረቦቼም፣ እዚያ የምንበላ ሁሉ የዚያን ሊስትሮ ሽሮ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየከፈልን ኖረናል። እኛ ስንበተን የእነዚያ የስምንት ሰዎች ወንበር ተነሳ።

የዚያን ዕለት ሒሳቤን ስከፍል የሁለት መስመር ጨምሬ ሰጠኋቸው። አልተግደረደሩም፤ ተቀበሉና ደብተሩን አውጥተው ሁለት መስቀል አደረጉ። የማን እንደሆነ አላሳዩኝም፣ እኔም አላየሁም።

እናንተም ምሳ የምትበሉበት ትንሽ ቤት አለ። ነገ ስትሄዱ ባለቤቷን ቀስ ብላችሁ፣ ሰው ሳይሰማ፣ "የዱቤ ደብተር አለ ወይ?" በሏት። ካለ የአንድ ሰው መስመር ክፈሉ። ስሙን አትጠይቁ።